የ12ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች፦ ትምህርቱን ባታውቁትም ለፈተናው የምታዘጋጁበት መንገድ

ልጄ 12ኛ ክፍል የገባች ሰሞን ጎረቤቴ «እንግዲህ ዘንድሮ አንቺም ተፈታኝ ነሽ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እኔ የተማርኩት ፈተናው ማትሪክ በሚባልበት ዘመን ነው። የልጄን የፊዚክስ መጽሐፍ ከፍቼ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። ብዙ ወላጅ እጅ የሚሰጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል። «እኔ ምን አውቃለሁ» ይልና ገንዘብ ለአስጠኚ ይከፍላል፣ ማታ ማታ «አጥኚ፣ አጥና» ይላል፣ በቃ።

ዓመቱን ሙሉ አብሬያት ከቆየሁ በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ። ወላጅ ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅበትም። ማወቅ ያለበት የልጁ ነጥብ በየት በኩል እንደሚፈስ ነው። ያንን ለማወቅ ደግሞ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ፈተናው በ2014 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሪፖርት ካርድ አይታችሁ አትረጋጉ። ክፍል ውስጥ አማካይዋ ከ90 በላይ የነበረች፣ ኢንትራንስ ላይ ግን ግማሽ ያልሞላላት ልጅ አውቃለሁ። ሰነፍ ስለነበረች አይደለም። እንዲህ ያለ ፈተና ላይ ተቀምጣ ስለማታውቅ ነው።

1. ፈተናውን እናንተም እወቁት

ብዙ ወላጅ ልጁ ስንት ትምህርት እንደሚፈተን እንኳ በትክክል አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ እንነሳ።

ባለፉት ዓመታት የነበረው አሠራር ይህ ነው። ስድስት ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (በቃላትና በቁጥር የማሰብ ችሎታን የሚለካው)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ማለፊያው ግማሹ፣ ማለትም 300 ነው።

አሁን ደምሩት። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ብቻቸውን 300 ነጥብ ይይዛሉ። የፈተናው ግማሽ ማለት ነው። እስቲ ልጃችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት አፕቲትዩድ እንደሚያጠና ጠይቁት። አብዛኛው ልጅ «እሱ እኮ አይጠናም» ነው የሚላችሁ። የራሱ መጽሐፍ የለውም፣ ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው መምህርም የለም፣ ስለዚህ ይረሳል። ግን ነጥቡ ከፊዚክስ ነጥብ እኩል ነው።

ሌላው ቋንቋው ነው። ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውም ታሪኩም። እንግሊዝኛው የደከመ ልጅ አንድ ትምህርት ላይ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ስድስቱም ላይ ነው። ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደግሞም ፈተናው ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ አይወጣም። ከ9ኛ ጀምሮ ያለው ይመጣል። የ9ኛና የ10ኛ መጻሕፍት ለሰው ተሰጥተው ከሆነ ዛሬውኑ አስመልሱ። ትምህርት ቤቱ የዘንድሮውን የፈተና ይዘት ሲናገር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

2. ስሙን ቼክ አድርጉ

ይህ አጭር ነው፣ ግን እንዳታልፉት። ምዝገባ ሲጀመር የልጃችሁ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ በ8ኛ ክፍል ካርዱና በፋይዳው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስተያዩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ሆሄ ትለያይና በኋላ ወራት የሚፈጅ ምልልስ ታመጣለች። ፆታና የትምህርት ዘርፍ በትክክል መሞላቱንም እዩ። ሲመዘገብ የሚሰጠውን ወረቀት ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

3. ገና በጊዜ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት አስቀምጡት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

አብዛኛው ልጅ የቀደሙ ዓመታት ፈተናዎችን የሚያስቀምጠው «ሁሉንም አጥንቼ ስጨርስ እሠራዋለሁ» ብሎ ነው። መቼም አይጨርስም። እናንተ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አስጀምሩት። ያላጠናው ብዙ ነው፣ ይሁን። ዓላማው ማለፍ አይደለም፣ ቀዳዳውን ማየት ነው።

እኛ ቤት እንዲህ አደረግን። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የቀደመ ዓመት የሒሳብ ፈተና አስወጣሁ። 65 ጥያቄ ነው፣ የተፈቀደው ጊዜ 3 ሰዓት። እሁድ ጠዋት ትንንሾቹን አክስታቸው ጋ ሰደድኳቸው። የሁላችንም ስልክ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ባዶ ወረቀት ይዤ።

የእኔ ሥራ ሒሳብ አልነበረም። በየ10 ደቂቃው ቀና እልና ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደደረሰች ብቻ እጽፋለሁ። ለ65 ጥያቄ 180 ደቂቃ ማለት ለአንዱ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ አካባቢ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ 22ኛው አካባቢ መሆን ነበረባት። 13ኛው ላይ ነበረች። አንዷ ጥያቄ ላይ 14 ደቂቃ ቆይታለች፤ እልህ ውስጥ ገብታ። ከዚያ ሰዓቱን ስታይ ደነገጠችና መሮጥ ጀመረች። ሰዓቱ ሲያልቅ 56ኛው ላይ ነበረች፣ የመጨረሻዎቹ 9 ባዶ ቀሩ።

መልሱን አስተያየነው። 31 አግኝታለች። ከግማሽ በታች ነው። አለቀሰች። እኔም ሆዴ ተላወሰ፣ ግን «ነይ እስቲ የተሳሳትሻቸውን በሦስት እንክፈላቸው» አልኳት።

የመጀመሪያው ክምር የምታውቃቸው ግን የተሳሳተቻቸው ናቸው። 11 ነበሩ። አንዱን ልንገራችሁ። የክቡን ሬዲየስ በትክክል አውጥታለች፣ ጥያቄው የጠየቀው ግን ዲያሜትሩን ነው። ሬዲየሱም ከምርጫዎቹ መሃል ቁጭ ብሏል። ፈተና አውጪ ልጆች የት ጋ እንደሚሳሳቱ ያውቃል፣ ያንን ስህተት ምርጫ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ያወጣሁት ቁጥር አለ» ብሎ ማክበብ የትም አያደርስም። ከ11ዱ ደግሞ 8ቱ ከ40ኛው ጥያቄ በኋላ ያሉ ነበሩ፤ መሮጥ ከጀመረች በኋላ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክምር ሰዓት ያለቀባቸው ናቸው፣ 9። በኋላ ተረጋግታ ስትሠራቸው 5ቱን አገኘቻቸው።

ሦስተኛው ክምር በእውነት የማታውቃቸው ናቸው፣ 14። እነሱን በምዕራፍ ስንለያቸው ብዙዎቹ ከሁለት ምዕራፎች የመጡ ሆኑ፤ አንደኛው የ11ኛ ክፍል ነው፣ መምህር ተቀያይሮባቸው ዘልለው ያለፉት።

አያችሁ? ከ34 ስህተት 16ቱ አዲስ ትምህርት አይፈልጉም፤ 11ዱ የምታውቃቸው፣ 5ቱ ሰዓት ያለቀባቸው። የሚፈልገው ጥያቄን እስከ መጨረሻው ማንበብና ሰዓት መጠቀም ነው። አስጠኚ ብንቀጥር ኖሮ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምርላት ነበር፤ እሱን ደግሞ ታውቀዋለች።

ይህንን ለስድስቱም ትምህርት አድርጉ፣ በሳምንት አንድ። የየትምህርቱ ሰዓት ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ የቀደሙት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ናቸው። አንድ ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ማለት ነው፣ ምንባቡን ጨምሮ። በዚህ ፍጥነት ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ዕለት ሊማረው አይችልም።

ከሁለት ከሦስት ሙከራ በኋላ ልጄ የራሷን ዘዴ አወጣች። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሞክራ መንገዱ ካልታያት ምልክት አድርጋ ታልፋለች፣ ሁለተኛ ዙር ትመለስበታለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ምንም ጥያቄ ባዶ እንዳይቀር። ካሉት አራት ምርጫዎች ሁለቱን እንኳ «ይሄ አይሆንም» ብሎ ማስወጣት ከቻለ፣ የቀረው ግማሽ በግማሽ ዕድል ነው።

4. የስህተት ደብተር

አንድ 50 ገጽ ደብተር ግዙ። ሌላ ነገር አይጻፍበት።

ልጁ በተሳሳተ ቁጥር ጥያቄውን ይገለብጣል፣ ከሥሩ በራሱ አባባል ለምን እንደተሳሳተ ይጽፋል። «ተሸወድኩ» አይቆጠርም። «ኖት የሚለውን ቃል አላየሁትም»፣ «ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር አልቀየርኩም»፣ «ይህንን ቃል አላውቀውም» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ልጄ መጀመሪያ ላይ ሰለቸች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ራሷ መጥታ «እማ፣ እኔ እኮ ሁሌ የምሳሳተው አንድ ዓይነት ነገር ነው» አለችኝ። ይህንን ማንም አስጠኚ አልነገራትም።

ቅዳሜ ማታ የእናንተ ተራ ነው። ደብተሩን ክፈቱና የድሮ ስህተት የሆኑ አሥር ጥያቄዎች ምረጡ። ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ይሥራቸው። መልሱ ደብተሩ ላይ ስላለ እናንተ ማስተያየት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ በትክክል የሠራው ላይ መስመር አስምሩበት። የተሰመረባቸው ገጾች ሲበዙ ልጁ ራሱ ያየዋል፤ ያኔ «አይዞህ» ማለት ሳያስፈልጋችሁ ይበረታል።

5. ሰዓቱን በእውነት ስጡት

የጥናት ፕሮግራም የሌለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ የለም። ሁሉም ቤት ግድግዳ ላይ በስክሪብቶ ቀለም ያሸበረቀ ወረቀት አለ። ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ሰዓት ቤት ውስጥ የለም።

አንድ ሳምንት ሳትናገሩ ብቻ ተመልከቱ። ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ይገባል? ታክሲ ሰልፍ ስንት ይፈጅበታል? እንግዳ ሲመጣ ማን ይነሳል? መብራት በሳምንት ስንት ማታ ጠፋ?

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህንን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ «ያጥና፣ አትረብሹት» ይባላል። እሷ ስትቀመጥ «እስቲ ቡናውን አቅርቢ» ይባላል። እንጀራ መጋገር፣ እቃ ማጠብ፣ ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካን መሙላት፣ የትንንሾቹ ልብስ። እኔ ቤት ራሱ ስቆጥረው ልጄ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ በዚህ ታሳልፍ ነበር። 12 ሰዓት አራት ሙሉ የሒሳብ ፈተና ነው። ሥራውን ለሁላችን አከፋፈልኩት፣ ባለቤቴም እቃ ማጠብ ያዘ። ዘመድ ተናገረ። ይናገር። ልጅቷ እንድታልፍ ከፈለጋችሁ ሰዓቱን ከሆነ ቦታ ማምጣት አለባችሁ፣ ከእንቅልፏ ላይ ደግሞ አይደለም።

እንቅልፍን አትንኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያነጋ ልጅ ጎበዝ ይመስላል፣ ግን ጭንቅላት ያነበበውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ይተኛ። ለጥናት ብለው ጫት የሚጀምሩ ልጆች አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሸተታችሁ ሳትጮሁ ቶሎ አነጋግሩት። በጾም ሰሞን ደግሞ ሁዳዴም ሆነ ረመዳን፣ ከባዱን ትምህርት ጉልበት ባለበት ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ሲደክመው ቀለል ያለውን።

መብራት ለሚጠፋበት ማታ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ግዙ። ቤት ጠባብ ከሆነና ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ውስጥ የሚያጠና ከሆነ የሰፈር ላይብረሪ ፈልጉለት፣ ወይም ማለዳ 11 ሰዓት ተነስቶ ቤቱ ጸጥ ባለበት ያጥና።

6. «መጽሐፉን ዝጊና ንገሪኝ»

ልጆቻችን የሚያጠኑት ደጋግሞ በማንበብና በማስመር ነው። ሦስት ጊዜ ያነበበውን ገጽ ያወቀው ይመስለዋል። ዓይኑ ለመደው እንጂ አላወቀውም።

ማወቁን የምትለዩበት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሰዓት ካጠና በኋላ መጽሐፉን አስዘጉትና «ምን አነበብክ? ለእኔ በአማርኛ አስረዳኝ» በሉት። እናንተ ባዮሎጂ አለማወቃችሁ እዚህ ላይ ጥቅም ነው። የእውነት ጠይቁት። «ታዲያ ደሙ ለምን ወደ ኋላ አይመለስም?» በሉት። ለእናንተ እስኪገባችሁ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል። መሃል ላይ «እሱማ… እንትን ነው» ካለ፣ ቀዳዳው እዚያ ጋ ነው። ከፍቶ ይይ፣ ዘግቶ እንደገና ያስረዳ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ልጄ የልብን አሠራር በጭልፋ እያሳየች ነው ያስረዳችኝ፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የተጠናው ነገር ደግሞ ይመለስበት። ዛሬ ያጠናውን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከወር በኋላ ራሱን ይጠይቅ። አንድ ምዕራፍ ላይ በአንድ ቀን ስድስት ሰዓት ከመዋል፣ ስድስቱን ሰዓት በወር ውስጥ መበተን ይሻላል።

ግሩፕ ስተዲ ጥሩ ነው፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዱ ለሌላው የሚያስረዳ ከሆነ። ሰባት ሆነው ካፌ ከሆነ ጥናት አይደለም።

7. እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሩጫ የማይያዙ ናቸው። በቀን 30 ደቂቃ ግን በስድስት ወር ውስጥ ልጁን ይለውጡታል።

ለእንግሊዝኛ በቀን አንድ ምንባብ፣ በሰዓት። የማያውቀውን ቃል ወዲያው መዝገበ ቃላት አይክፈት፤ መጀመሪያ ከዓረፍተ ነገሩ ይገምት፣ ጥያቄዎቹን ይመልስ፣ ከዚያ ይፈልግ። ፈተናው ላይ መዝገበ ቃላት የለም። ደግሞ ጥያቄ ላይ የሚደጋገሙ ቃላት አሉ፣ እነሱን ለብቻ ይያዝ፦ ኤክሴፕት (except)፣ ኖት (not)፣ ሊስት (least)፣ ሞስት ላይክሊ (most likely)፣ ኢንፈር (infer)። ሲያያቸው ያክብባቸው፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ጣቱን ያሳርፍባቸው። የልጄ የኬሚስትሪ ስህተቶች ውስጥ ከባድ ኬሚስትሪ ያልሆኑ፣ ጥያቄው ምን እንደጠየቀ ያልገባት ብዙ ነበሩ።

አፕቲትዩድ ሁለት ወገን አለው። አንዱ የቃላት ነው፤ የሚመሳሰሉ ቃላት ዝምድና፣ ምንባብ፣ ከተሰጠ ሐሳብ ተነስቶ መደምደም። ሌላው የቁጥር ነው፤ ንጽጽር፣ ፐርሰንት፣ ተከታታይ ቁጥሮች፣ ግራፍ ማንበብ። የቁጥሩ ክፍል አብዛኛው ከ8ኛና ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ የዘለለ አይደለም፣ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። በቀን አሥር ጥያቄ ይሥራ። የጥያቄው ዓይነት ይደጋገማል፣ ከሁለት መቶ ጥያቄ በኋላ ልጁ ገና ሲያየው «ይሄማ እንዲህ ያለው ነው» ማለት ይጀምራል።

8. ስለ አስጠኚ

አስጠኚ አያስፈልግም አልልም። ግን መጀመሪያ ሦስቱን ክምር ለዩ፣ ከዚያ ለሦስተኛው ክምር ብቻ ቅጠሩ። እኔ መጀመሪያ ልጄን በብዙ ብር አንድ የማጠናከሪያ ቦታ አስመዝግቤ ነበር። 40 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አስጠኚው ሰሌዳ ላይ እየሠራ እነሱ ይገለብጣሉ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ እንኳ ራሷ ሠርታ አልታየላትም። አስወጣኋት። በዚያው ገንዘብ ዘልለው ያለፏቸውን ሁለት ምዕራፎች የሚያስረዳት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አገኘን፣ ስምንት ቀን በቃት።

ልጃችሁ ከአስጠኚ ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ» ከማለት «ዛሬ ስንት ጥያቄ ራስህ ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ገንዘባችሁ እየባከነ ነው።

9. ቴሌግራም

ቴሌግራም ላይ ጥሩ ነገር አለ፤ የቀደሙ ፈተናዎች፣ መጻሕፍት፣ ሾርት ኖት። ግን ፈተናው ሲቃረብ «የዘንድሮው ፈተና መልስ አለን፣ ቅድሚያ በቴሌብር ላኩ» የሚሉ ቻናሎች እንደ አሸን ይፈላሉ። ልጆች የምሳ ገንዘባቸውን እየሰበሰቡ ይልካሉ። ከገንዘቡ የባሰው ግን «መልሱ ይመጣል» ብሎ ማጥናቱን የሚያቆመው ነው። ከግንቦት በፊት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ አውሩት። ማስፈራራት ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣለት ለእናንተ እንዲያሳይ ተስማሙ። በጥናት ሰዓት ደግሞ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። የእናንተም ጭምር። እኛ ፌስቡክ እያየን እነሱን መከልከል አይሠራም።

10. እጁን ያለማምድ

ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በወረቀትም በኦንላይንም ሲሰጥ ቆይቷል። ልጃችሁ በየትኛው እንደሚፈተን ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ዝግጅቱ የተለያየ ነው።

ኦንላይን ከሆነ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እንዳይሆን። ኢንተርኔት ካፌም ሆነ ትምህርት ቤት ሄዶ ስክሪን ላይ ረጅም ምንባብ ማንበብ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ፣ ወደ ቀድሞው ጥያቄ መመለስ ይለማመድ። የሙከራ ፈተና ሲሰጥ በምንም ምክንያት እንዳይቀር። ስሌቱን ባዶ ወረቀት ላይ እየሠራ መልሱን ስክሪን ላይ መምረጥም ራሱ ልምድ ይፈልጋል።

ወረቀት ከሆነ የመልስ ወረቀት ማጥቆር ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጥያቄ ዘልሎ ያለፈ ልጅ መልስ ወረቀቱ ላይ መዝለሉን ይረሳና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ መስመር ይዛነፋል። በየአሥሩ ጥያቄ ቁጥሩን ያስተያይ፦ ጥያቄ 20፣ መልስ ወረቀት 20። ቤት ውስጥ ስትፈትኑትም እያጠቆረ እንጂ እያከበበ አይሥራ።

11. የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

አዲስ ምዕራፍ አይጀመርም። የስህተት ደብተሩ፣ የፎርሙላ ገጾች፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ፈተና፣ በቃ። ቀስ በቀስ የሚተኛበትን ሰዓት ከፈተናው ጋር አስማሙት፤ ጠዋት ላይ ጭንቅላቱ እንዲነቃ።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚያድር ከሆነ ቦርሳውን እናንተ አትሸክፉለት፣ አብራችሁ ሸክፉ። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ነው፣ ክረምት ነው። ወፍራም ሹራብ፣ ጃንጥላ፣ ካልሲ። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሶፍት፣ ሴት ልጅ ከሆነች ሞዴስ፤ የወር አበባዋ የሚመጣበት ቀን ባይሆንም ትያዝ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከሐኪም ማዘዣው ጋር። ብዙ የማይበላሽ ስንቅ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። የመፈተኛ ካርድና የትምህርት ቤት መታወቂያ በላስቲክ ተደርጎ። ስልክ፣ ስማርት ሰዓት፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጌጣጌጥ ቤት ይቅር። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ የተከለከለ ነገር ተይዞ መገኘት ደግሞ ከፈተናው ሊያስወጣ ይችላል።

ልጄ ከቤት ወጥታ አድራ አታውቅም ነበር። ስለዚህ ከፈተናው አንድ ወር በፊት ሁለት ሌሊት አክስቷ ቤት ብቻዋን ላክኋት፣ እዚያው ልብሷን ራሷ እንድታጥብ፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል እንድታድር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግቢው ውስጥ የመጀመሪያዋን ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ብዙ ነበሩ፣ እሷ ግን ተኝታ ነበር።

አንድ ፈተና ተፈትኖ ሲወጣ መልስ እንዳያስተያይ አስጠንቅቁት። ልጆች ደጅ ላይ ይሰበሰቡና «ሲ ነው»፣ «አይ ቢ ነው» ይጀምራሉ። ያለፈውን አይመልሰውም፣ የከሰዓቱን ፈተና ግን ያበላሽበታል። ልጄ ከጓደኛዋ ጋር ተስማምተው ወጥተው ቀጥታ ወደ ምግብ አዳራሽ ይሄዱ ነበር።

12. ሲመለስና ውጤት ሲመጣ

ከአውቶቡስ ሲወርድ «እንዴት ነበር?» አይሁን የመጀመሪያው ጥያቄ። ይብላ፣ ይታጠብ፣ ይተኛ። ራሱ ሲፈልግ ይናገራል። «የእከሌ ልጅ ቀሎኛል ብሏል» የሚለው ወሬ ወደ ቤታችሁ እንዳይገባ ዘመዶቻችሁን ከልክሉ።

ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። የመመዝገቢያ ቁጥሩን ቀድማችሁ ያዙ፣ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ገጽ ውጪ ቁጥሩን ለማንም አትስጡ፣ «ውጤት እናያለን» ለሚሉት ጭምር። ውጤቱን ልጁ ራሱ ይክፈተው፣ ሌላ ሰው ከእጁ ነጥቆ አያንብብለት።

ከ300 በታች ከሆነ ያን ዕለት ምንም አትወስኑ። በማግስቱ ግን ቁጭ በሉ። ከ2015 ጀምሮ ሬሚዲያል የሚባል አለ፤ ግማሽ ያላመጡ ሆነው ለዚያ የተቆረጠውን ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ለወራት ተምረው እንደገና የሚመዘኑበት ነው። ቴክኒክና ሙያም አለ፣ ልጁ በእጁ መሥራት የሚወድ ከሆነ በደንብ ይታሰብበት። የትኛውም ቢመረጥ የየትምህርቱን ነጥብ ጎን ለጎን ጻፉና የስህተት ደብተሩን አውጥታችሁ አጠገቡ አስቀምጡት፤ የት ጋ እንደፈሰሰ እዚያው ላይ ታገኙታላችሁ፣ የሚቀጥለው ጥናትም ከዚያ ገጽ ይጀምራል።